እታለም ጫልቱ የማትጠራው ስም

ይህ የገጠመኝ በጣልያን ጊዜ ነው። የወተት ጥርሴን ነቅዬ ያልጨረስኩ ልጅ ነበርኩ። የዚያን ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን የባቄላ እሸት ባየሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ፣ ብቻዬንም እስቃለሁ።

ያኔ ኮልፌ ዛሬ ቤት የሞላበት ሁሉ ማሳ ነበር። ጎረቤታችን እታለም ጫልቱ ባሏ ለንግድ ጅማ ስለወረደ ከባሏ አባት ጋር ትኖር ነበር። ሽማግሌውን ሰፈሩ «አባባ» ይላቸው እንጂ ስማቸው እሸቱ ነው። እታለም ጫልቱ ያደገችው በኦሮሞ ወግ ነው፤ በእነሱ ዘንድ ምራት የባሏን አባትም ሆነ እናት ስም አትጠራም። ስሙን የሚመስል ቃል ሁሉ እርም ነው። ስለዚህ የባቄላ እሸት እየበላች እንኳ እሸት አትልም፤ «የጥርስ ሠርግ» ትለዋለች።

እኛ የሰፈር ልጆች ማን «እሸት» እንደሚያሰኛት ተወራረድን። መስከረሙን ሙሉ እሸት አፍንጫዋ ሥር እየደቀንን «ይሄ ምንድን ነው?» እያልን አስቸገርናት።

«የጥርስ ሠርግ!»

«ስሙን ስትቀይሪው ጣዕሙ አይቀየርም?» አልኳት አንድ ቀን። ዓይኔን በእጇ ሸፍና አንድ ፍሬ አጎረሰችኝ።

«አሁን የቀመስሽው እኔ ያልኩትን ነው ወይስ አንቺ ያልሽውን?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እኛም ለሁሉም ነገር ስም ማውጣት ጀመርን። ድንጋይ ምንም ብንለው ግድ አልነበረውም። ፍየላችን ግን «እመት ጺም» ብለን ብንጠራት ጆሮዋን እንኳ አላዞረችም። እናቴ ውኃ አምጪ ስትለኝ «በየትኛው ስሙ?» ብዬ ጭኔን ተቆነጠጥኩ።

አንድ ቅዳሜ አባባ ወደ አስኮ እንደሄዱ ቀሩ። ጣልያኖች የይለፍ ወረቀት የሌለውን ወንድ ሁሉ ከመንገድ ሰብስበው ኬላ ላይ አጉረውታል ተባለ። እታለም ጫልቱ ስትሮጥ እኔም ተከተልኳት።

ወንዶቹ አጥር ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ካሚዮን ቆሟል። አስተርጓሚው የስም ዝርዝር ይዞ «ቤተሰቡ መጥቶ ስሙን የጠራለት ይወጣል፤ ያልተጠራው ይጫናል» ይላል። ወዴት እንደሚጫን የሚያውቅ አልነበረም። ከተጫኑት የተመለሰ ሰውም አላየንም።

«ማንን ነው የምትፈልጊው?» አላት።

«የባሌን አባት። ያውልህ፣ ሽበታሙ።»

«ሽበታም ሞልቷል። ስም!»

እታለም ጫልቱ ደግማ በጣቷ ጠቆመችው። እኔ አላስቻለኝም። «እሸቱ ነው ስማቸው!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ? ምራቱ የማታውቀውን ስም የጎረቤት ልጅ ታውቃለች?» አለና ፊቱን ወደ ሌላ ሰው አዞረ። የካሚዮኑ ሞተር ተነሣ።

ያኔ እታለም ጫልቱ አፏን በነጠላዋ ሸፍና «እሸቱ» አለች። አልተሰማም። ነጠላዋን አወረደችና ደገመችው፤ «እሸቱ!»

አባባ ቀና አሉ። የሚቆጧት መስሎኝ ፈራሁ። «አቤት፣ ልጄ» አሉ። ተነሥተውም ወደ እኛ መጡ።

ስንመለስ እሷ አንገቷን ደፍታ ከኋላ ከኋላችን ትመጣለች። አባባ ከመንገድ ዳር ማሳ አንድ እግር ባቄላ ነቅለው ዘረጉላት። «እስቲ ይሄን ምን ትይዋለሽ?» አሏት።

«የጥርስ ሠርግ» አለች በቀጭን ድምፅ። አባባ ከት ብለው ሳቁ። እሷም እያለቀሰች ሳቀች።

ልጆቹ ሰፈር ጠበቁኝ። «ምን አለች? ስሙን ጠራችው?» ብለው ከበቡኝ። መስከረሙን ሙሉ ልሰማው የጓጓሁትን ቃል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

«አልጠራችም» አልኳቸው።

ዛሬ የእኔ ምራቶች በስሜ ይጠሩኛል፤ ደስ ይለኛል እንጂ አይከፋኝም። ያቺን ውሸት ግን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኳትም፤ ኃጢአት ናት ብዬ አላምንማ!