የአባቴ እንግሊዝኛ

አባቴ እንግሊዝኛ የተማረው ከእኔ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም ድሮ እስቅ ነበር። መሪጌታ ነበር፤ ሰቆጣ ውስጥ ከአንድ ደብር ግቢ አጠገብ ተማሪ ሰብስቦ ግስ ሲያስገስስ የኖረ ሰው። ግስ ማስገሰስ ማለት የግእዙን ግስ ከነፍቺው፣ ከነእርባታው በዜማ ማስወረድ ነው፤ ተማሪው አንዷን ከዘለለ ከመጀመሪያው ይጀምራታል። እኔን ሴት ነሽ ብሎ ከዚያ ጉባኤ አላስገባኝም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን ካህናቱ ሁሉ እየገሠጹት አስገባኝ። ያስቀረኝንም ያስገባኝንም እስከ ዛሬ አልረሳለትም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥቼ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያልሁ ስሸመድድ ሰማኝና መቋሚያውን ተደግፎ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ግስ ነው፣ አባዬ።»

«ሄደ የሚለው የትኛው ነው?»

«ዌንት።»

«ታዲያ ለምን ሁለተኛ አስቀመጡት? በእኛ ሄደ ይቀድማል፣ ይሄዳል ይከተላል። እነዚህ ጅራቱን አስቀድመው ነው የሚጎትቱት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አስተማሪው መሆኔ ቀርቶ ደቀ መዝሙሩ ሆንሁ። እኔ ቃሉን አመጣለሁ፣ እሱ ያሰልፈዋል፣ በዜማ ያስወርደኛል። እየወደደውም እየተጣላውም ነበር የሚማረው። ‹ዩ› የሚለው ለሕፃኑም ለጳጳሱም አንድ መሆኑን ስነግረው «ይህ ሕዝብ አባት የለውም እንዴ?» አለ፤ ያን ቀን ትምህርቱን አቋረጠ። ቅጽላቸውማ አሳቀው። «ጉድ ለወንድ፣ ጉድ ለሴት፣ ጉድ ለብዙ! ይኸ እኮ ቤተሰቡ ሁሉ ተራ በተራ የሚለብሰው የድሃ ቡሉኮ ነው።» ‹ኢዝ› የምትለዋን ግን ወደዳት። በአማርኛ «ነው» ከመጨረሻ እስክትደርስ ሰውየው ምን ሊል እንደሆነ አይታወቅም፤ ‹ኢዝ› ግን ከመሃል ገብታ ታስታርቃለች ይል ነበር። ስለዚህ ከቤታችን አፍ አልወጣችም። «በሶው ኢዝ ጉድ» ይላል። «ጥጃዋ ኢዝ ሲክ፣ ውጭ አትልቀቋት» ይላል። ለቅዳሴ የዘገየውን ዲያቆን እንኳ «ዩ አር ሌት» ብሎት፣ ልጁ የተረገመ መስሎት እግሩ ላይ ወድቋል።

እናቴ የጋዝጊብላ ሰው ናት፤ አፏን የፈታችው በኽምጥኛ ነው፣ አማርኛውን የለመደችው ስታገባ ነው። ጥጧን እየፈተለች ታየንና «አንቱ፣ እኔ ይኸን አማርኛችሁን ገና አልጨረስሁት፤ እናንተ ሌላ ጀመራችሁ?» ትለዋለች። «አር ዩ ታየርድ?» ብሎ ሲጠይቃት በኽምጥኛ ረዘም ያለ ነገር ትመልስለታለች። ምን ማለትሽ ነው ስንላት «እናንተስ መች ተረጎማችሁልኝ?» ብላ ትፈትላለች። ያን ቤት እወደው ነበር። ሌላ ቤት እንደዚያ አልወደድሁም።

እኔ አድጌ ደሴ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ በተቃረበበት ጊዜ ነው ዋግ ላይ ዝናቡ የቀረው። የአብነት ተማሪ ቁራሽ ለምኖ ነው የሚማረው፤ ቁራሽ የሚሰጥ ቤት ሲጠፋ የአባቴ ጉባኤ ተበተነ። ጥጃዋም እናቷም ሄዱ። ከዚያ ተስቦ መጣ። ከከተማው በታች ፈረንጆች ድንኳን ተክለው ሕሙማንን ይቀበላሉ የሚለውን ወሬና እናቴ ታማለች የሚለውን ቃል አንድ የጨው ነጋዴ በአንድነት አመጣልኝ። በጭነት መኪና እስከ ኮረም፣ ከዚያ በእግሬ ወደ ሰቆጣ ገሰገስሁ። የደረስሁት ለመቃብሯ ነው።

የሆነውን አባቴ ራሱ ነገረኝ፤ አንድም ነገር አልሸሸገም።

ጎረቤት አግዞት ተሸክሟት ወረደና ከሰልፉ አስቀመጣት። በየጠዋቱ አንዲት ፈረንጅ ነርስ በሰልፉ ፊት እያለፈች ትጠይቃለች፤ ሕመሙ የጠናበትን ሰው እጅ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስራለች፤ ጨርቅ የታሰረለት መድኃኒት ወዳለበት ድንኳን ይወሰዳል። የሚያስተረጉም ያገሬው ሰው አብሯት ነበር። «የኔታ፣ ላስተርጉምልዎ?» ቢለው አባቴ «አያሻም ልጄ፣ እኔው እነግራታለሁ» አለው። ሰውየውም ወደሚቀጥሉት አለፈ። እናቴ እንግዳ ሲመጣ አይታ፣ ያን ሁሉ ትኩሳት ተሸክማ፣ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ፈገግ አለች። እንግዳን ተጋድሞ መቀበል ነውር ነው።

«ጉድ ሞርኒንግ» አለች ነርሷ። «ሃው ኢዝ ሺ?»

ገብቶታል። ከፈረንጅ አፍ የሰማት የመጀመሪያዋ ጥያቄ ናት፣ ቃል በቃል ገብታዋለች። ያን ጊዜ ፊቱ እንዴት በርቶ እንደነበር ሳላየው ይታየኛል።

«ሺ ኢዝ ፋይን» አላት። «ታንክ ዩ።»

እንዲህ የሚያደርግ ሞኝ አለ ወይ የሚል የእኛን አገር አያውቅም። በእኛ ዘንድ እንዴት ነህ ሲባል መጀመሪያ የሚወጣው ምስጋና ነው፤ ሬሳ ቤቱ ያጋደመ ሰው እንኳ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ጠያቂውም ያንን አይቀበልም። ይደግማል፤ ቤቱ ደህና ነው? ልጆቹስ? አንተስ ራስህ? ይላል። ችግር የሚነገረው በሁለተኛው፣ ሲብስም በሦስተኛው ነው። በመጀመሪያው የሚዘረግፍ ሰው ወይ ባለጌ ነው ወይ ፈጣሪውን የሚያማ። አባቴ የእንግሊዝኛውን ግስ አውርዶ ጨርሷል፤ ሰዎቹ አንዴ ጠይቀው እንደሚሄዱ ግን የነገረው የለም።

ነርሷ ፈገግ አለችለት። «ቬሪ ጉድ» ብላ፣ ከእናቴ ቀጥላ ለተቀመጠችው ሴት ጨርቅ አሰረችላት።

እኔ ይህን ስሰማ ጮኽሁበት። በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር።

«ሲክ የምትለዋ ቃል ጠፋችብዎ?»

«አልጠፋችብኝም። በምላሴ ይዣት ነበር።»

«ታዲያ!»

«ደግማ ትጠይቀኝ ብዬ ነዋ፣ ልጄ። ትመለስ እንደሆን ብዬ ድንኳኑ እስኪዘጋ ከዚያው ተቀመጥሁ። እናትሽም ‹ይተዉዋት፣ ሥራ በዝቶባት ነው› ትለኝ ነበር።»

እናቴ በማግስቱ ሰልፉ ሳይያዝ አረፈች።

ነርሷን ረገምኋት፤ ያቺ ሴት ግን የተጠየቀውን የመለሰላትን ሰው አመነች እንጂ ምን አደረገች? አባቴን ልረግመው አልቻልሁም። ጨዋነታችንን ግን ረገምሁት፣ ዛሬም እረግመዋለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ ይነቅዛል፣ ሰውም ይገድላል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባልም እሰማ ነበር፤ እኛ ቤት ይገባል ብዬ ግን አላሰብሁም።

ተዝካሯ እስኪወጣ አብሬው ቆየሁ። ተዝካር ማለትም ያው የተገኘው ንፍሮ ነበር። አባቴ የተለወጠው በእነዚያ ቀናት ነው። ሰው መንገድ ላይ አግኝቶት «እንዴት ሰነበቱ፣ የኔታ?» ሲለው «ደህና አይደለሁም» ይላል፣ በመጀመሪያው። ምስጋናውን አያስከትልም። ዕድሜውን ሙሉ ማኅሌት የቆመ ሰው እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ተወ። ካህናቱ ደነገጡ፤ አንዳንዱ ኀዘኑ አእምሮውን ነክቶታል አለ፣ አንዳንዱ ክህደት ነው አለ። ንስሐ አባቱ መጥተው ገሠጹት። አንገቱን ደፍቶ ሰማቸው፤ ሲነሡ «ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው?» ቢሉት «ክፉ ላይ ነኝ» አላቸው። ከዚያ በኋላ ሰው ከሩቅ ሲያየው መንገድ ይቀይር ጀመር።

ወደ ደሴ የምመለስበት ጠዋት ሸክሜን ቋጥሬ ስወጣ ከደጅ ተቀምጦ አገኘሁት። መንገደኞቹ ጥለውኝ እንዳይሄዱ ቸኩያለሁ። ጫማዬን እያሰርሁ፣ ቀና ብዬ እንኳ ሳላየው «እንዴት አደሩ፣ አባዬ?» አልሁት።

«እናትሽን ስጠራት አደርሁ» አለኝ። «አትሂጅብኝ።»

የጠየቅሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።