ሙልጭ

ላፕቶፔ ስታክ እያደረገ ሲያስቸግረኝ፣ የተበላሹ የዊንዶውስ ፋይሎችን ፈልጎ የሚጠግነውን ትእዛዝ ጥቁሩ መስኮት ላይ ጽፌ ስጠብቅ፣ ከማራገቢያው ቀዳዳ የተቃጠለ አቧራ ሽታ ወጣና ጎትቶ ጅግጅጋ፣ የልጅነት ሳሎናችን ውስጥ ወረወረኝ።

እናቴ ኮምፒውተራችንን ዳንቴል አልብሳው ነበር። ከካራማራ በኩል የሚነፍሰው አቧራ ግን ዳንቴል አያግደውም፤ ሲፒዩው ውስጥ ገብቶ ከበረሮ ኩስ ጋር እየተቦካ፣ ማሽኑ በሞቀ ቁጥር የተጠበሰ ጥፍር ይሸታል። እኔ በአንድ እጄ አፍንጫዬን ይዤ በሌላው ግጥም እጽፋለሁ፤ ስለ ሀርሺን ግመሎች፣ ስለ ጎረቤታችን ልጅ ድርብ ጥርስ። ሁሉንም ዴስክቶፑ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ሌላ ቦታ አልገለብጥም።

አንድ ሰሞን ስክሪኑ በየመሀሉ ሰማያዊ እየሆነ መጥፋት ጀመረ። እናቴ ታይዋን ገበያ አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ሙክታርን ቤት አስመጣችው። ክዳኑን ሲፈታ በረሮዎቹ ዳንቴሉ ላይ ፈሰሱ። እሷ ወንበር ላይ ወጣች፤ እኔ ሊያስመልሰኝ ወደ ጓሮ ሮጥኩ፤ ጩኸቷ ግን እዚያም ደረሰኝ።

«ኡኡ! ሙክታርዬ፣ ሙልጭ አድርገህ አጽዳልኝ!»

«ሙልጭ፣ ሆዮ?» አላት። እናቶችን ሁሉ በሶማሊኛ እንዲያ ነበር የሚጠራው። «ምንም አላስቀር?»

«ምንም! ዘሩ እንዳይተርፍ!»

በሙክታር ሙያ ማጽዳት ማለት ፎርማት ማድረግ፣ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ መደምሰስ ነው። እሷ በረሮውን አለች፣ እሱ ዲስኩን ሰማ። አመሻሽ ላይ ወደ ሳሎን ስመለስ፣ ስክሪኑ ላይ የቀረችው የቆሻሻ ቅርጫቷ ብቻ ነበረች፤ እሷም ባዶ። በረሮዎቹ በሳምንቱ ተመለሱ።

አሁን ጥቁሩ መስኮት የተበላሹት ፋይሎች መጠገናቸውን ነገረኝ። ማሽኑ ለራሱ ፋይሎች ንጹሕ ቅጂ ሸሽጎ ያኖራል፤ የተበላሸውን በዚያ ይተካል። ያኔ ይህችን አንድ መስመር የሚጽፍልን ቢኖር፣ ምናልባት ግጥሞቼ ሳይነኩ ማሽኑ ይድን ነበር። እኔ ቅጂ ስለሌለኝ ከትዝታዬ ልጠግናቸው ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ድርብ ጥርሷ «ዕንቁ» ሆነብኝ፤ ግመሎቹም «የበረሃ መርከቦች»። የጻፍኩትን ሳነበው እንደዚያ ቀን አቅለሸለሸኝና ሰረዝኩት።

ያ አፍንጫውን የያዘ ልጅ ግመልን ግመል ብሎ ነበር የጻፈው።