በጭኔ ላይ የተጓዘው መታታ

ጎንደር አውቶቡስ ተራ የደረስኩት ከረዳቶቹ ቀድሜ ነው። ከትናንት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። ደባርቅ ያሉት አጎቴ ጋሽ ደሴ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒታቸውን «ሊገድለኝ ነው» ብለው ከተዉ አራተኛ ቀናቸው መሆኑን ሰምቻለሁ። በሽታው ካገረሸ ለመድኃኒትም እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ለምኜም ተቆጥቼም ላስውጣቸው ነው የምሄደው።

ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሳም። ሁለት ጊዜ ወርጄ ተሳፋሪ ጠራሁ። ረዳቱ «መምህር፣ ደመወዝ እንቁረጥልህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ከአምባ ጊዮርጊስ በኋላ አቧራው በተዘጋ መስኮት ይገባል። የወገራ እርሻ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። እኔ የማየው ሰዓቴን ብቻ ነበር።

ዳባት፣ አራት ሰዓት

እዚህ የወረድኩት የጋሽ ደሴ እህት እትዬ አዛሉ የሚልኩት ነገር ስላላቸው ነው። በጨርቅ የታሰረ ማሰሮ አስታቀፉኝ። መታታ አይብ ነው፤ በቅመም ታሽቶ ለሳምንታት የሚብላላው፣ ሽታው ከተሸካሚው ቀድሞ ቤት የሚገባው።

«ከፋሲካ ወዲህ በየሳምንቱ እልክለታለሁ» አሉኝ። «ሳንባ የሚጠግነው እሱ ነው እንጂ እንክብል ብቻውን ምን ያደርጋል?»

«እንክብሉንማ ትተውታል!»

«እንግዲያው ይኼን እንዳይተው አደራ፣ ልጄ።»

ማሰሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ ቀጠልኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ነጋዴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ «ወንድሜ፣ ይኼ ነገር ትኬት ቆርጧል?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ለመሳቅም ትዕግሥት አልነበረኝም።

ደባርቅ፣ ስድስት ሰዓት

ጋሽ ደሴ ጋቢ ደርበው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ሳልቀመጥ መቆጣት ስጀምር እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ።

«ሁዳዴን ሙሉ ጧት ጧት ውጨዋለሁ፤ አንድ ቀን አላጓደልሁም። ጾሙን ይፍቱ ቢሉኝም አልፈታሁም። ደኅና ነበርሁ። ፍስኩ ከገባ ወዲህ ነው የከዳኝ። ፊቴ ይነዳል፣ ልቤ ይደልቃል፣ ራሴ ሊፈነዳ ይደርሳል።»

«መቼ መቼ?»

«ቁርስ ከበላሁ ወዲያ።»

«ቁርስዎ ምንድን ነው?»

ዓይናቸው ወደ ማሰሮው ሄደ። «የአዛሉ መታታ ነዋ። ሌላ ምን ያበረታኛል?»

አፈርኩ። ስንት ዓመት ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የሳልኩት ነገር ጭኔ ላይ ተቀምጦ መጥቷል። በሰውነታችን ውስጥ ከቫይታሚን የሚገኝ፣ ፍላቪን የተባለ ቢጫ ነገር ያቀፉ ኤንዛይሞች አሉ። ከነሱ አንዱ፣ በቆየ አይብ ውስጥ የሚጠራቀመውን ታይራሚን ይሰባብራል፤ ታይራሚን ካልተሰባበረ ደም ግፊት ያንራል። ከጋሽ ደሴ እንክብሎች አንዱ ደግሞ ትንሽ ሞሊኪዩል ነው፤ ኤንዛይሙ ላይ ተለጥፎ ሥራውን ያደክምበታል። ጠጠር የገባበት ወፍጮ በሉት። በጾሙ አይብ ስላልነበረ ጠቡም አልነበረም።

ግምቴን ብቻ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ ግፊታቸውን ለክታ፣ ታሪኩን ሰምታ፣ ሐኪሙንም አማክራ ተመለሰች።

«ይኼ መድኃኒት ከቆየ አይብ ጋር እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። የሚበሉትን ከኛ የጠየቃቸው የለም» አለች። «መታታው ይቅር፣ እንክብሉ ይቀጥል። ነገ ጧት እዚሁ ይውጣሉ።»

በማግስቱ ጋሽ ደሴ እንክብሎቹን መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩአቸው። እኔ በሩ ላይ እንጎራደዳለሁ። «በስመ አብ» ብለው ዋጡ። ቤት ገብተው ቂንጬ በሉ። ፊታቸው ይቀላ እንደሆነ ስጠባበቅ «ምን ታፈጥብኛለህ? አለሁ!» አሉኝ። ያን ጊዜ ገና ተቀመጥኩ።

መልስ

ማሰሮውን ይዤ ዳባት ወረድኩ። የሆነውን ሁሉ ለእትዬ አዛሉ ነገርኳቸው።

«እኔ ነኛ ወንድሜን ያሳመምሁት?»

«እርስዎ አላወቁም። እኔ ግን እያወቅኩ አልጠየቅኩም።»

ማሰሮውን ተቀብለው ጨርቁን አጥብቀው አሰሩት። «መድኃኒቱን ለመጨረስ ስንት ወር ቀረው?»

«ሦስት ወር ግድም።»

«መታታ ቢቆይ ይጣፍጣል። ደሴ ይቆይልኝ እንጂ።»

ጎንደር ስገባ ልብሴ አሁንም መታታ መታታ ይሸት ነበር። በነጋታው ክፍል ስገባ ጠመኔውን ከማንሳቴ በፊት ተማሪዎቼን ቤታቸው ምን እንደሚበላ ጠየቅኳቸው።