የዓርብ አምፑሎች

ዴሊያ ቲርኒ ከአየርላንድ ቦስተን ስትገባ የምታውቀው መብራት ኩራዝ ብቻ ነበር። ባሏ ወደብ ላይ ሲሠራ ከሞተ ወዲህ ግን ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በሬዲዮ አምፑል ፋብሪካ ተቀጥራ ነው። አምፑሉ ቤት አያበራም። የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ወዲያ ወዲህ ከማለት ከልክሎ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል፤ እሱን የገዛ ሰው ሬዲዮውን ለማጫወት ባትሪ መሸከም ቀረለት። ዴሊያ አየሩን በፓምፕ ታወጣና ሂሊየም የሚባለውን ጋዝ በልኩ ትሞላለች። ጋዙ ንጹሕ ከሆነ አምፑሉ ሲሠራ ሮዝማ ይሆናል፤ ባዕድ ነገር ከገባበት ወደ ወይን ጠጅ ይዞራል።

በዚያ ጸደይ ወይን ጠጁ በዛ። አለቃዋ ሚስተር ሃስኬል ፓምፕሽ አየር ያስገባል አላት። ቧንቧውን ሁለት ጊዜ ፈታ ገጠመች፤ ምንም አላገኘችም። እስከ ቅዳሜ ካልተስተካከለ ሌላ ሰው እንደሚተካባት ነገራት።

ዴሊያ በለቅሶ ጊዜ አላጠፋችም። የተበላሹትን ሣጥኖች ስታገላብጥ የተጻፈባቸው ቀን ሁሉ ዓርብ ሆነ፤ ያውም ከሰዓት በኋላ። ፓምፕ ደግሞ ቀን አይለይም።

ዓርብ ምሳ እንዳለቀ የአምፑሉን የውስጥ ብረት ወደምትገጣጥመው ወደ ፊሎሜና ሄደች። ፊሎሜና ጣሊያን ናት፤ እንደ ዴሊያ ካቶሊክ፣ ዓርብ ሥጋ የማትቀምስ። የተጠበሰ ዓሣዋን ጨርሳ ወረቀቱን እየጨመደደች ነበር።

«ፊሎ፣ እጅሽን ታጠብሽ?»

«በሽርጤ ጠረግሁት እኮ። ምነው፣ እናቴ ሆንሽብኝ? አንቺስ ዓሣ አልበላሽም?»

«በልቻለሁ። እኔ የምነካው ግን የመስታወቱን ውጭ ነው። ያንቺ ጣት የነካው ውስጥ ይቀራል።»

ፊሎሜና ጣቶቿን ወደ መስኮቱ ዘርግታ አየቻቸው፤ ያብለጨልጫሉ። እንዳያባርሯት ፈራች። ዴሊያ ስምሽ አይነሣም ብላ አጽናናቻት፤ ከዚያ በሳሙናና በአልኮል አስታጥባ አሥር አስገጠመቻትና በጠመኔ ምልክት አደረገችባቸው። ሌሎቹ ገጣጣሚ ሴቶች እንደ ልማዳቸው ሠሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሲሞከሩ አሥሩም ሮዝ ሆኑ፤ ከቀሩት ግማሹ ወይን ጠጅ።

«እነዚህ የማን ሥራ ናቸው?» አለ ሃስኬል።

«የታጠበ እጅ ሥራ ናቸው። ዓርብ ሁላችንም የተጠበሰ ዓሣ ነው የምንበላው፣ ሚስተር ሃስኬል። ቅባቱ ብረቱ ላይ ይቀርና ሲግል ጋዙን ያበላሻል።»

ሰውየው ዓርብም ቢሆን የበሬ ሥጋ የሚበላ ፕሮቴስታንት ነው፤ ነገሩ ባሳቡም አልመጣለትም። አሥሩን አምፑል አንድ ባንድ አየ። ይቅርታ አላላትም። ሰኞ ግን መግጠሚያው ክፍል በር ላይ መታጠቢያና የጥጥ ጓንት ተቀመጠ፤ ዴሊያም ፓምፗ ዘንድ ቆማ ሥራዋን ቀጠለች።