ለፈረስ የተላከ ሽማግሌ

አሰላ ውስጥ ሰኪናን የማያውቅ ባለጋሪ የለም። ከጋሪ ማቆሚያው ፊት ለፊት ፉርሽካና ጭድ ትሸጣለች፤ እኔ ደግሞ ከጎኗ ሽንኩርትና ድንች እሸጣለሁ። ባሏ ሮቤ ሄዶ ሌላ ካገባ ወዲህ ከልጇ ከሃዊ ጋር ብቻዋን ናት። ስለ ሃዊ ሳላወራ ስለ ሰኪና ማውራት አልችልም፤ ሴትዮዋ ሌላ ሕይወት የላትም።

ሃዊ አሥር ዓመቷ ነው። ሰው ሰላም አትልም። ትልቅ ሰው እጁን ሲዘረጋላት ፊቷን አዙራ ወደ ጋሪ ፈረሶቹ ትሄዳለች፤ እነሱን ግን አንድ በአንድ በስማቸው ጠርታ ሰላም ሳትል አትቀመጥም። ከፈረስ ሌላ ወሬ የላትም፤ ስትበሳጭም እንደ ፈረስ ታሽካካለች። የሰፈሩ ሰው የማይለው አልነበረም። አንዱ ጸበል ውሰጃት ይላል፣ ሌላው ቁርአን ይቀራባት ይላል፣ ሌላው ቤት ቆልፈሽ አስቀምጫት ይላል። ምክር እንደሁ አይሸጥ፣ ሁሉም ያድላል።

ሐኪም ቤት ስትወስዳት ነው አንዲት ሐኪም ኦቲዝም ነው ያለቻት። አፈጣጠሯ ነው፣ ከምትወደው ነገር አትለዪያት፣ ይልቅ በእሱ በኩል ቅረቢያት አለቻት። ሰኪና ይቺን ቃል ይዛ መጣች፣ በቃ። ቁጥር በፈረስ እግር አስተማረቻት። ፊደሉን ደግሞ ጋሪዎቹ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ስም አስቆጠረቻት። እኔ ልጆቼን በዱላ ያላስያዝኳቸውን ፊደል ይቺ ልጅ በጋሪ ቂጥ ለየችው!

ከፈረሶቹ ሁሉ ዳማ የሚባለው የባለጋሪው የቱሳ ፈረስ ይበልጥባት ነበር። ቱሳ ደግ ሰው ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ጠዋት ጠዋት ሃዊን በጋሪው ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ ነበር። በዳማ ካልሆነ አትሄድም፤ በባጃጅ ቢሞክሯት ጆሮዋን ይዛ ጮኻ ተመለሰች። ዳማ ግንባር ላይ የሚንጠለጠለውን ቀይ የክር ጉንጉን የሠራችለት እሷው ናት።

አምና ስንዴው ሲያሸት ዳማ የፊት እግሩ ተበላሸ፤ ቱሳም ባጃጅ ሊነዳ ወሰነ። እዚህ አገር ጉልበቱን የጨረሰ የጋሪ ፈረስ ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። ሲመሽ ከከተማ አውጥተው መንገድ ዳር ይለቁታል፣ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ዕድሜ ልኩን የሰው እህል ሲያመላልስ ኖሮ! ሳወራው እንኳ ያንገበግበኛል።

ሰኪና ቱሳን፣ ፈረሱን አትልቀቀው፣ ለእኔ ስጠኝ፣ ፉርሽካ አላጣለትም አለችው። እሺ አላት። ችግሩ ቤት ያከራዩዋት አቶ ገብረወልድ ነበሩ፤ አንካሳ ፈረስ ግቢዬ አይገባም አሉ። ብትለምን ብትለምን እምቢ። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላከች! ሦስት አዛውንት ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ልጅ ለጋብቻ እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ ስለ ፈረስ ደጃፋቸው ቆሙ። ከተማው ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ፣ ምን አስዋሸኝ። አቶ ገብረወልድ ግን ሽማግሌ መመለስ ነውር ሆነባቸውና የጓሮውን ጥግ ፈቀዱ። እናትና ልጅ ጓሮውን ሲጠርጉ፣ ጭድ ሲጎዘጉዙ ዋሉ። ሃዊ ቅዳሜ ይመጣል እያለች በእናቷ ዙሪያ ትዞር ነበር።

ቅዳሜ ቱሳ ባዶ እጁን መጣ። ፈረሱን ኢተያ ያለ ገበሬ ወሰደው አለ። ሰኪና ዓይኑን ስታየው ገባት፤ ወደ ጥግ ስባ ስትጠይቀው አመነ። አርብ ሲመሽ በኢተያ መንገድ ለቆታል። ለካ አቶ ገብረወልድ በሽማግሌ ተገድጄ እንጂ ወድጄ አይደለም ብለው ሲያጉረመርሙ ሰምቷል። በዚህ ፈረስ ሰበብ ሰኪና ከቤት ብትባረርስ ብሎ ፈራ፤ ለእሷ እንዳይነግራት ደግሞ ይሉኝታ ያዘው። ይሉኝታ! አፍ አውጥቶ አንዴ ቢጠይቃት ምን ነበረበት? ሰው ለሰው መድኃኒቱ ይላሉ፤ እኔስ እንዲህ ያለውን መድኃኒት ለጠላቴም አልመኝ።

እኛ ስንነታረክ ሃዊ የለችም። ይቺ ልጅ ውሸት የሚባል ነገር አታውቅም፤ ኢተያ ከተባለ ኢተያ ነው። የፉርሽካ ባልዲዋን ይዛ በዚያው መንገድ ሄዳለች። ስንደርስባት ከተማው ማለቂያ ላይ፣ ስንዴ ማሳ ዳር ቆማለች። ከፈረሱ የተረፈ ብዙ አልነበረም። ቀዩን ጉንጉን አንስታ ጨብጣዋለች። አላለቀሰችም፣ አላሽካካችም። ባልዲውን እዚያው አስቀምጣ ከእናቷ ጋር ተመለሰች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ፈረስ ቀና ብላ አታይም። ትምህርት ቤቱም ቀረ። ፉርሽካው አጠገብ ቁጭ ትላለች፤ ሰው እጁን ሲዘረጋላት እጇን ትሰጣለች፣ ዓይኗ ግን እዚያ የለም። ሰዉ ታዲያ ተሻላት ይላል! ባለፈው አቶ ገብረወልድ ራሳቸው መጥተው ጨበጧትና ደስ አላቸው።

"እሰይ ሰኪና፣ ፈጣሪ ልጅሽን መለሰልሽ" አሏት።

አሜን አለች። ትልቅ ሰው ሲመርቅ ሌላ ምን ይባላል? እሳቸው ራቅ እስኪሉ ፉርሽካውን ስትሰፍር ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

"እትዬ፣ ይቺንስ ማን ጋ ሽማግሌ ልኬ ላስመልሳት?"