ለሰሚራ የሰፋ፣ ለእኔ ልክ የሆነ ጫማ

«እናት፣ ሁለት ቁጥር ከፍ ያለውን ይውሰዱላት፤ ታድግበታለች» አለኝ የስፖርት ዕቃ ሻጩ ልጅ፣ ባለፈው ቅዳሜ። በጎ አስቦ ነው። እኔ ግን የስምንት ዓመት ልጄ ሲፈን እስክትደነግጥ ድረስ ጮህኩበት። ባለ ጎማ ጫማውን በልክ የእግሯ ቁጥር አስመጣሁ። አስሬላት አቆምኳትና ተረከዟ ከጫማው ይነሳ እንደሆነ በጣቴ ፈተሽኩ። ቁርጭምጭሚቷን የሚይዘውን ጨመቅ አድርጌ አየሁ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አሽከረከርኩ፣ ፍሬኑን ወለሉ ላይ ፈተግኩት። ሄልሜት፣ የጉልበትና የክርን መከላከያም አስጨመርኩ። ሻጩ በሆዱ ሲሰድበኝ ይታወቀኛል። እኔ ግን ያቺን «ታድግበታለች» የምትባል ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ።

ልጅ እያለሁ እኛ ሰፈር ጫማ ልክ ሆኖ ተገዝቶ አያውቅም። ለመስከረም የሚገዛልን ጫማ ለሚቀጥለው ዓመት እግራችን ነበር፤ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ይጠቀጠቅና ጥር እስኪደርስ እንደ ዳክዬ እንራመዳለን። ስለዚህ የጓደኛዬ የሰሚራ አባት፣ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዱት ጋሽ ኢብራሂም፣ ሠላሳ አንድ ቁጥር እግር ላላት ልጃቸው ሠላሳ አራት ቁጥር ባለ ጎማ ጫማ ይዘውላት ሲመጡ ማንም አልገረመውም። እናቷ እትዬ ዘሃራ ከአሮጌ ሻሽ ቀደው ጫፉን ጠቀጠቁላት፣ አለቀ። ቀይ ቆዳው፣ የሚያብረቀርቁት ዘለበቶች፣ ደግሞ ያ የአዲስ ዕቃ ሽታ! በአዳማ ፀሐይ የጋለው አስፋልትም፣ ከወፍጮ ቤቱ የሚወጣው በርበሬም አላጠፉትም።

እኔና ሰሚራ አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። እሷ ትንሽዬ፣ እኔ መለሎ። የእኔ እግር ቁጥሩ ስንት እንደነበር ልንገራችሁ? ሠላሳ አራት። ለእሷ የሰፋው ለእኔ ልክክ አለ። ሰሚራ ቀና ልጅ ስለነበረች በየቀኑ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ጋሪ ማቆሚያው ቁልቁለቱን አንድ ዙር ትሰጠኛለች። እኔ ስንሸራተት ልጆቹ ከታች ሆነው «ኮቱ፣ ኮቱ!» እያሉ በኦሮምኛ ይጠሩኛል፤ ነይ፣ ነይ ማለታቸው ነው። እሷ ግን በገዛ ጫማዋ እየተንገዳገደች አጥር ይዛ ትሄዳለች። ከዚያ አውልቄ እመልስላትና ኮንጎ ጫማዬን አጥልቄ እቀመጣለሁ። ቅናት አንጀቴን ይበላኝ ነበር። አልዋሽም፣ ስጸልይ እንኳ «ጌታዬ፣ የሰሚራን እግር አታሳድገው» ብያለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «ዛሬ ተራ የለም። ጎማው እያለቀ ነው ብላለች እማዬ» አለችኝ። ዘለበቱን ማጥበቅ ስለማትችል ሁልጊዜ የማስርላት እኔ ነበርኩ። እንደ ልማዷ እግሯን ዘረጋችልኝና ፊቷን ወደሚያልፈው ጋሪ አዞረች። የቀኝ ጫማዋ ጨርቅ ወጥቶ መሬት ላይ ወድቋል። አየሁት። መልሶ መጠቅጠቅ የአፍታ ሥራ ነበር። አፈፍ አድርጌ ኪሴ ከተትኩት፣ ዘለበቱንም አላልቼ ዘጋሁት። «ጨርሻለሁ፣ ሂጂ» አልኳት። እንድትሰበር አላሰብኩም፤ ልጆቹ አንዴ እንዲስቁባት ነበር የፈለግኩት። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ እግሯ ከጫማው ሾለከና ሰሚራ በእጇ ላይ ወደቀች። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ ከየቤቱ ወጣ።

እትዬ ዘሃራ ባላቸው ላይ ወረዱባቸው። «ሦስት ቁጥር አስበልጠህ ገዝተህ! ልጄን የሰበርካት አንተ ነህ!» ጋሽ ኢብራሂም አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ፣ ጨርቁ ኪሴ ውስጥ ነው። በሳምንቱ ጋሽ ኢብራሂም ጫማውን በፌስታል ይዘው ቤታችን መጡ። «እንቺ ልጄ፣ ላንቺ ልክሽ ነው። አብሽሪ፣ አንቺማ ደህና አድርገሽ አስረሽላት ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉኝ። እናቴ መረቀቻቸው።

እንደዚያ የቀናሁበት ጫማ የእኔ ሆነ። አንድ ቀን ብቻ አደረግሁት። ሰሚራ በጀሶ የታሸገ እጇን ታቅፋ ደጃቸው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሳልፍ ስታየኝ በደህናው እጇ ጉልበቷን እየመታች አጨበጨበችልኝ። የሚገርመው ያኔ ደግሞ በጀሶዋ ቀናሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሙዝ እየያዘ የሚጠይቀው እሷን ነበርና። ከዚያ ወዲህ ጠበበኝ ብዬ ዋሸሁና አላደረግሁትም። ሰሚራ አሁን አቦምሳ ውስጥ ሱቅ አላት፣ በየበዓሉ ትደውልልኛለች። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

የዘንድሮ ልጆች ደልቷቸዋል። ጫማቸው ልካቸው ነው፣ የሚጫወቱትም መኪና በማይገባበት ግቢ ነው። እሑድ ዕለት ሲፈንን ይዤ ወረድኩ። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታጠልቅ የጎረቤታችን ልጅ መርየም፣ የራሷ ባለ ጎማ ጫማ የሌላት፣ ልታስርላት ጎንበስ አለች። ሲፈን እግሯን ዘረጋችላትና ፊቷን ወደ ሌላ ልጅ አዞረች።

«ልቀቂ! እኔ አስርላታለሁ!» ብዬ ከተቀመጥኩበት ተወረወርኩ።

መርየም ደንግጣ እጆቿን ወደ ኋላዋ ደበቀች። ተንበርክኬ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ነካካሁ። ሁሉም ጥብቅ ብለዋል፣ ተረከዙም በደንብ ገብቷል። እኔ ራሴ እንዲህ አላስርም። ሲፈን እየሳቀች ተንሸራታ ሄደች፣ መርየምም ፍርሃቷን ረስታ እጆቿን ከኋላዋ አውጥታ ታጨበጭብላት ጀመር። ልጄን በዓይኔ መከተሉን ትቼ እነዚያን አጥብቀው አስረው የሚያጨበጭቡ ትንንሽ እጆች ሳይ ቆየሁ። ቀናሁባቸው።