የተከበረው ዋስትና

ባለፈው ሳምንት የልጄ ስልክ ሞተ። ከተገዛ አምስት ወሩ ነው። ስትገዛው ሻጩ «ትንሽ ብትጨምሪ ዋስትናው ሁለት ዓመት ይሆንልሻል» ሲላት፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ እየሳቅሁ፣ ጨምራ ከፈለች። ስለዚህ አሁን ወደ ሱቁ የተመለሰችው ስልኩን ለማሠራት ብቻ ሳይሆን እኔንም ለመርታት ነበር። ረታችኝም። ሻጩ ወረቀቷን አነበበ፣ ስልኩን አገላብጦ አየና «ችግር የለውም፣ በሳምንት ውስጥ አዲስ ትወስጃለሽ» አላት።

«አየህ አባዬ?»

«ውስጡ ያለውስ?» አልኩት ሻጩን።

«ምኑ ጋሼ?»

«ፎቶው፣ ድምፁ፣ ምኑም ምኑም።»

«እሱ ዋስትናው ውስጥ የለም» አለኝ በትሕትና። ጥሩ ልጅ ነው፤ አልዋሸም። እኔ ግን ስልኩን ከባንኮኒው ላይ አንስቼ ኪሴ ከተትኩና ወጣሁ። ልጄ እየተነጫነጨች ተከተለችኝ። ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ መቱ ውስጥ መቼ ያቆማል?

ተጨማሪ ዋስትና ይገዛል ወይስ አይገዛም ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። መጽሐፍ ያነበበ ሰው ስለ ፍሪጅም ያውቃል ብለው ያስባሉ መሰለኝ። መልሱን ግን እነሱም አያጡትም። ዕቃው ቶሎ የሚሰበር ቢሆን ኖሮ ነጋዴው ዋስትናውን ባልሸጠ፤ የማይሰበር ከሆነ ደግሞ የሸጠልህ የራስህን ፍርሃት ነው። ቢሰበር እንኳ በደቃቅ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር ትወጣና ባዶ እጅህን ትሸኝሃለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው ሲያወሩትም ያምራል። የእኔ ጠብ ግን ከዚህ ጋር አይደለም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያሳድደኝ ዋስትና አልተካደም። የተባለው ሁሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ ተፈጽሟል።

ጋሼ ተሬሳ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከመቱ ራቅ ባለችው ዳሪሙ ውስጥ ትንሽ የቡና ማሳና ከዛፍ የተሰቀሉ ጥቂት ቀፎዎች ነበሯቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ቡናቸውን ሸጠው ቴፕ ሊገዙ መቱ መጡ። «አንተ ተምረሃል፣ ና ምረጥልኝ» አሉኝ። ቴፕ ያስፈለጋቸው ለዘፈን አልነበረም። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ታመው አልጋ ይዘዋል። አንዲት ልጃቸው ለሊሴ አዲስ አበባ ልብስ ስፌት ትሠራለች። እትዬ ብርቄ መጻፍ አይችሉም፤ በሌላ ሰው እጅ ማስጻፍም እንቢ አሉ። «የልቤን ለጸሐፊ አልናገርም» ይሉ ነበር። በዚያን ጊዜ ደግሞ ብዙ ሰው በደብዳቤ ፋንታ ድምፁን በካሴት ቀድቶ በአውቶቡስ ተሳፋሪ እጅ ይልክ ነበር።

የገባነው እትዬ ዘውዲቱ ሱቅ ነው። እትዬ ዘውዲቱ ሦስት ቴፕ ባንኮኒው ላይ ደረደሩልን፤ አንዱን እኔ መረጥኩ፤ ለምን እንደመረጥኩት አላውቅም፣ ቁልፉ ብዙ ስለነበረ ይመስለኛል።

«ጋራንቲው ሦስት ወር ነው። ከጨመሩ ሁለት ዓመት። ከተበላሸ አዲስ አበባ ይላክና አዲስ ይመጣልዎታል። ይቺን ብቻ እንዳያስነኩ» አሉና ከቴፑ ጀርባ ብሎኑ ላይ የተለጠፈችውን ብርማ ወረቀት አሳዩን። «ይቺ ከተቀደደች ጋራንቲ የለም።»

«ሁለት ዓመት!» አሉ ጋሼ ተሬሳ። «በቅሎዬን ሲሸጡልኝ እንዲህ ያለኝ የለም።»

«በቅሎማ ስትበላሽ ወደ የት ትላካለች?»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «ጋሼ፣ ይጨምሩ» አልኩ። «የሠለጠነ ሰው እንዲህ ነው ዕቃ የሚገዛው።» የሠለጠነ ሰው ዕቃ ሲገዛ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አንብቤ ነበር። ጋሼ ተሬሳ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን ተመለከቱና «ኤዬ፣ እሺ፣ አንተ ካልክ» አሉ።

ግንቦት ላይ ቅዳሜ ቀን ዳሪሙ ሄድኩ፤ አቀዳዱን ላሳያቸው። ከመኪናው ወርጄ በእግሬ ጭቃውን ስረግጥ ቆይቼ ስደርስ የተቀቀለ ጎደሬ በማር አቀረቡልኝ። ማሩ ገና ከቀፎ የወጣ፣ ጭሱ ያልለቀቀው ነበር። እትዬ ብርቄ ትራስ ተደግፈው ቀና አሉ። ባትሪ ድንጋዩን ከትቼ ቀዩን ቁልፍ ስጫን ያ የኢሉባቦር ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ላቆመው ስል «ተወው፣ ይቺን ነገር እየቆራረጣችሁ እንዳታበላሹብኝ፤ ዝናቡ ጋብ ይላል» አሉኝ እትዬ ብርቄ። ዝም ብለን ተቀመጥን። ካሴቱ ዝናብ ይቀዳል። ጋብ ሲል ወደ ቴፑ ጎንበስ አሉ።

«ለሊሴ፣ ልጄ... ይሰማል እንዴ? ኧረ ያቺን ዶሮ አውጧት!»

ዶሮዋ አልጋው ሥር ገብታ ነበር። እሳቸው ሳቁ፤ ሳል አቋረጣቸው፤ እንደገና ሳቁ። ከዚያ በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱን። «አሁን ውጡልኝ።» ወጥተን ጣራው ጠርዝ ሥር ቆምን። ምን እንደተናገሩ አልሰማሁም።

ካሴቱን የሚያደርስ የታመነ ሰው እስኪገኝ ሲጠበቅ ሰኔ ገባ፤ እትዬ ብርቄ ዐረፉ። መልእክቱ አዲስ አበባ እስኪደርስ፣ ለሊሴም ሁለት ቀን በአውቶቡስ እስክትመጣ የሚቆይ ቀብር የለም። «ለአርባዋ እመጣለሁ፣ ካሴቱን አትላኩት፣ እዚያው እሰማዋለሁ» ብላ ላከች። ጋሼ ተሬሳም እሑድ እሑድ ብቻቸውን ይሰሙት ነበር።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ቴፑን በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ እስከ ጉልበታቸው ረጥበው፣ እኛ ቤት መጡ። ቴፑ ካሴቱን ጎርሶ አልለቅም ብሏል። ክሩ ተሽከርካሪው ላይ ተጠምጥሟል፤ ክዳኑ አይከፈት፣ ቢስቡት ይበጠሳል። ወደ ራዲዮ ሠሪው አያና ዘንድ ሄድን። አያና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጆሮውን አስጠጋ፣ መፍቻውንም አነሳ።

«ከጀርባው ከፍቼ ክሩን አላቅቀዋለሁ። ሻይ ጠጥታችሁ እስክትመለሱ።»

«እንዳትነካው!» አልኩ። «ማኅተሙ ከተቀደደ ዋስትናው ይወድቃል።»

«አንተ ልጅ፣ እሳቸው የሚፈልጉት ካሴቱን ነው ቴፑን?»

«ሁለቱም ይመጣል። ከካሴቱ ጋር እንዲመልሱ እጽፍላቸዋለሁ።»

አያና መፍቻውን አስቀመጠ። «አሥራ ሁለተኛ የጨረሰ ሰው ካለማ እኔ ሱቄን ልዝጋ።»

ጋሼ ተሬሳ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። «ማሎ፣ ልጄ፣ እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። ማሎ ማለታቸው ልመና ነው፤ እባክህን ማለት ነው። እርግጠኛ ነኝ አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። ገንዘባቸው አሳዝኖኝ አይደለም። ያንን ወረቀት ያስገዛኋቸው እኔ ነበርኩ፤ ሲሠራ ማየት ፈለግሁ። ሦስት ወሩ ሚያዝያ ላይ አልፏል። የእኔ ምክር ባይጨመርበት ኖሮ በሐምሌ የሚጠበቅ ማኅተም አይኖርም፤ አያናም ይከፍተው ነበር።

ወደ ሱቁ ስንወስደው እትዬ ዘውዲቱ «የተከፈተ እንደማይቀበሉ ነው የማውቀው፤ ስለ ካሴት የነገሩኝ የለም» አሉ። እኔም በጥሩ እጅ ጽሕፈቴ «በውስጡ የሚገኘው ካሴት የሟች ድምፅ ያለበት ስለሆነ እንዲመለስልን በትሕትና እናመለክታለን» ብዬ ጽፌ ካርቶኑ ላይ ለጠፍኩት። በአጻጻፌ ኮርቼ ነበር።

ለአርባቸው ሁለት ቀን ሲቀረው መልሱ መጣ። አዲስ ካርቶን፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ የዋስትና ወረቀት። ሳልከፍተው ተሸክሜ ዳሪሙ ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ባለቤቱ ፊት እንዲከፈትና እንድመሰገን ፈልጌ ነው። ለሊሴ ደርሳለች፤ ጥቁር ለብሳ ደጅ ላይ ጌሾ ታበጥራለች። እጇን አራግፋ ገባች። ጋሼ ተሬሳ ካርቶኑን ራሳቸው ከፈቱ። ቴፑ ውስጥ ካሴት ነበር።

«ገለቶማ!» አሉ፤ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አመሰገኑኝ። ድንጋዩን ከተው ተጫኑት።

ሽሽሽ... አለ፤ ከሩቅ እንደሚሰማ የሶር ፏፏቴ።

«ዝናቡ ነው» አሉ ለለሊሴ። «ትንሽ ዝናብ አለበት። ከዝናቡ በኋላ ነው የምትናገረው።»

ለሊሴ መሬት ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን አስጠጋች። እኔ ካሴቱን በመስኮቱ አየሁት። እኛ የቀዳንበት ካሴት ላይ የለሊሴን ስም በእስክሪብቶ ጽፌበት ነበር። ይኼኛው ንጹሕ ነው፤ ከአዲስ ቴፕ ጋር በነፃ የሚሰጥ ባዶ ካሴት። ዐወቅሁ፤ አልተናገርኩም። ጋሼ ተሬሳ ይጠብቃሉ። «ዶሮ ትገባለች፣ ትስቂያለሽ» አሏት። ካሴቱ እስከ መጨረሻው ዞረ፣ ቀጭ ብሎ ቆመ። ገልብጠው ሌላውን ወገን ከተቱ። እሱንም ሰማን።

ለሊሴ «ምን አለችኝ?» አለች።

ነገሯት። ቃል በቃል ያውቁት ነበር፤ እኔ እንደገና ወጥቼ ጣራው ሥር ቆምኩ። ስመለስ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃቸው ነበር።

«ስትስቅ እንዴት አድርጋ ሳቀች?»

ጋሼ ተሬሳ ካሴቱን እንደገና ገልብጠው ቁልፉን ተጫኑ።

እትዬ ዘውዲቱ ቴሌ ሄደው አስመጪውን ጠየቁልን፤ የተበላሹት ቴፖች በጅምላ ተጭነው ተወግደዋል ተባሉ። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰረቀም። ጋሼ ተሬሳም እስኪሞቱ ድረስ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። አዲሱ ቴፕ ደግሞ ፈጽሞ አልተበላሸም። ሁለት ዓመቱ ካለፈ በኋላም ልጠይቃቸው ስሄድ መደርደሪያ ላይ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ባዶው ካሴት እንዳለበት ነበር።

የልጄን ስልክ ባጃጅ ተራ አጠገብ ወዳለ ስልክ ሠሪ ወሰድኩት። «ከከፈትኩት ዋስትናው ይወድቃል» አለኝ ልጁ።

«ክፈተው» አልኩ።

ስልኩ አልዳነም። ፎቶዎቹ ግን ወጡ፤ አብዛኛዎቹ ከጓደኞቿ ጋር ጥብስ ስትበላ የተነሳቻቸው ናቸው። ልጄ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ አዲስ ስልክም ከእኔ ትጠብቃለች፤ አልተሳሳተችም። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ጠየቀችኝ፤ ልነግራት ስል ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ወረደ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምሆነው፤ ዝም እላለሁ፣ ጋብ እስኪል እጠብቃለሁ። ጋብ ይላል። ከዝናቡ በኋላ የሚናገር የለም።